«ቺንጋ ነው፤ አይነካም»

ነዳጅ የለም፣ ዘይት የለም፣ ጥገና የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው እነዚህን ሦስት «የለም»ዎች ሳይታክት ይደግማቸዋል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውም ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ሦስተኛው ግን ውሸት ነው። ለውሸቱ ሂሳብ የሚመጣው ደግሞ ሻጩ ቤት ሳይሆን በየቀኑ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ምግብና ዕቃ የሚያመላልሰው ልጅ ዘንድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ሞተሩ ያመነጨው ጉልበት ኋላ ጎማ ዘንድ የሚደርሰው በምንድን ነው? አንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሞተሩ እዚያው ጎማው መሃል ተቀብሮ ይመጣል። እሱ እውነትም ካቴናም ቺንጋም የለውም፤ ሻጩ ስለ እሱ ቢምል አይፈረድበትም። ሌላው በካቴና ይሄዳል። ሌላው በቺንጋ። ተረቱ የተፈጠረው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፦ «ቺንጋ ነው፤ አይነካም።» ዘይት አይቀባም፣ አይዝግም፣ አይንኳኳም፤ ይህ ሁሉ ልክ ነው። «አይነካም» የሚለውን ግን የጥገና መመሪያ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ሻጭ ለመሸጥ፣ ገዢ ደግሞ ለመጽናናት ተስማምተው ያመኑት ነገር ነው።

ቺንጋ ለሞተር ሳይክል አዲስ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነበሩት ሞተሮች፣ የመጀመሪያዎቹ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ጭምር፣ በቆዳ ቺንጋ ነበር የሚሄዱት። ቆዳ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፣ ሲውል ሲያድር ይለጠጣል፤ ካቴና ሲመጣ ተረሳ። ቺንጋ በክብር የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ሃርሊ «ስተርጂስ» የተባለውን ሞዴል በጥርሳም ቺንጋ ባወጣ ጊዜ ነው። የቺንጋው ሠሪ የኮሎራዶው ጌትስ ኩባንያ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቺንጋ ሆዱ ውስጥ ያለው ክር እንደ ቆዳው አይለጠጥም፤ ጥይት የማይበሳው ሰደሪያ የሚሠራበት ኬቭላር ወይም ካርቦን ነው። ለዚህ ነው በደህና የተያዘ ቺንጋ ብዙ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚያገለግለው። ለተረቱም መነሻ የሆነው ይኸው ጥንካሬው ነው።

ታዲያ ከ40 ዓመት በላይ ቺንጋ ሲያዞር የኖረው ሃርሊ ራሱ ስለ ጥገናው ምን ይላል? «አትንኩት» አይልም። አዲስ ሞተር በመጀመሪያው 1,600 ኪሎ ሜትር ላይ ቺንጋው ይለካል፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ሞዴሎች በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ይታያል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚሠራው ዜሮም ቢሆን የቺንጋውን ውጥረት ማየት የጥገናው አካል አድርጎታል። ኤሌክትሪክ መሆኑ ቺንጋውን ከመለካት ነፃ አላወጣውም።

ሥራው እንዲህ ነው። የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከጉዞ በፊት ነው፤ ሙቀት ብረቱን ስለሚያሰፋው የሞቀ ሞተር ላይ የተለካ ልክ ያሳስታል። የታችኛው ቺንጋ በፊተኛውና በኋለኛው መዘውር መካከል፣ እኩሌታው ላይ፣ 4.5 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይገፋል። ከነበረበት ስንት ሚሊ ሜትር ተነሣ? በብዙዎቹ የቀድሞ ሃርሊዎች መልሱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የሌላው ሞዴል ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ከመመሪያው ይነበባል እንጂ በግምት አይገኝም። ከዚያ ጎማውን ትንሽ አዙሮ እንደገና መለካት ነው። ቺንጋውም መዘውሮቹም ሚሊ በሚሊ እኩል ስላልሆኑ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ልኩ የሚወሰደው እዚያ በጠበቀው ቦታ ነው።

ልኩን ስቶ ከተገኘ የኋላው ጎማ ዘንግ ዳዶ ይላላል። በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች እኩል ይዞራሉ፤ አንዱ ግማሽ ዙር ከሄደ ሌላውም ግማሽ ዙር። እኩል ካልሆኑ ጎማው ይንጋደዳል፣ ቺንጋው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ዳሩም ይበላል። በመጨረሻ ዳዶው በተጻፈለት ልክ ይጠብቅና ሁሉም ነገር እንደገና ይለካል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉን ትንሽ ሊጎትተው ይችላልና። ሰው ሲቸኩል የሚዘለው ይህችን የመጨረሻዋን ልኬት ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያም ሰማይ የራቀ አይደለም። ፋብሪካው የራሱን መለኪያ ይሸጣል፤ ነገር ግን ገበያ ውስጥ ሥጋና ቡና የሚመዘንበት መንጠቆ ያለው የስፕሪንግ ሚዛንና የተማሪ ማስመሪያ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ጌትስ በድምፅ የሚለካ መሣሪያም አለው፦ ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ይመታል፣ መሣሪያው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ያነባል። የጠበቀ ቀጭን ድምፅ፣ የላላ ወፍራም ድምፅ። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት ምሕንድስና መማር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ «አይነካም» ከሚለው ተረት ጎን ለጎን የሚኖር ሌላ በሽታ አለ፦ «ጠበቅ አድርገው»። ደንበኛው ጋራዥ ሲሄድ የሚለው ይህንን ነው፣ መካኒኩም በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «አሁን እሺ፣ ጠብቋል» ይላል። ጥብቅ የሆነ ነገር ሁሉ በደንብ እንደተሠራ ይቆጠራል። በቺንጋ ላይ ግን ይህ እምነት አውዳሚ ነው። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሲለካ በፊተኛው መዘውርና በኋላው ጎማ ዘንግ መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። ሰው ሲቀመጥበት፣ ከኋላው የዕቃ ሣጥን ሲጫን፣ ጉድጓድ ሲመታ የኋላው ሹካ ይንቀሳቀሳል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይም ርቀቱ ይረዝማል። ባዶውን ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ጭነት ሲመጣበት የሚሄድበት የለውም፤ ውጥረቱን ይዞ ወደ ፊተኛው ዘንግና ወደ ጎማው ኩሽኔታዎች ይሄዳል። ኩሽኔታ ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይወዛወዛል፤ በዚያን ጊዜ «ጠበቅ አድርገው» ያለውን ቀን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ቡዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ጣጣ ለማስወገድ ብሎ ቺንጋውን የሚደግፍ ሦስተኛ መዘውር እስከ መጨመር ደርሷል፤ ውጥረቱ በሹካው እንቅስቃሴ እንዳይለዋወጥ።

የላላውም የራሱ ቅጣት አለው። የላላ ቺንጋ በድንገት ጉልበት ሲሰጠው ከመዘውሩ ጥርስ ላይ ይዘላል፤ በተደጋገመ ቁጥር የቺንጋው ጥርሶች ሥራቸው ይላላል፣ ይቆረጣሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ የሚለየው በዚሁ ነው፦ ሙሉ የማሽከርከር ጉልበቱን ገና ከቆመበት ሲነሣ ይሰጣል፤ የቤንዚኑ ግን እስኪጮኽና እስኪያነሣ ጊዜ ይወስዳል። በሌላ አነጋገር «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቺንጋውን አትንኩት» የሚለው ምክር ቺንጋው ይበልጥ መታየት ባለበት ሞተር ላይ ነው የሚሰጠው።

ቺንጋ ቢበጠስስ? ካቴና ቢበጠስ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አንድ ማያያዣ ተክቶ መንገድ መቀጠል ይቻላል፤ ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ቺንጋ ግን መጋጠሚያ የለውም። አንድ ወጥ ቀለበት ነው። አዲሱን ለማስገባት በብዙ ሞዴሎች የኋላው ሹካ መፈታት አለበት፤ በብዙ ሃርሊዎች ደግሞ የሞተሩ የጎን ሽፋን ጭምር ይፈታል። መለዋወጫውም በጥርስ ብዛት፣ በወርድና በርዝመት ልክ የሆነ መሆን አለበት፤ «የዚህኛው ለዚያኛው ይሆናል» የሚባል ነገር የለም። ገና ሳይገጠም እንኳ እንደ ገመድ አጥፎ ሣጥን ውስጥ የከተተው ነጋዴ ውስጡን ክሩን ሰብሮት ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ሲሠራ ይበጠሳል።

ጠጠርም ጠላቱ ነው። በመዘውሩና በቺንጋው መካከል የገባ ድንጋይ ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ዳር ላይ ከሆነ ቺንጋው መቀየር አለበት። ቢ ኤም ደብሊው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ኤፍ 800 ኤስ እና ኤስ ቲ የተባሉትን የአስፋልት ሞተሮቹን እ.ኤ.አ. በ2006 በቺንጋ ሲያወጣ፣ በዚያው ሞተር ላይ ተመሥርቶ ለኮረኮንች የሠራውን ኤፍ 800 ጂ ኤስ ግን በካቴና ነው የገጠመው። ኩባንያው ቺንጋ መሥራት አቅቶት አይደለም፤ መንገዱን አይቶ ነው። ለኢትዮጵያ ሞተር የሚመርጥ አስመጪ የሚያየው የትኛውን መንገድ ነው? የቦሌን ነው ወይስ ከአስፋልቱ የሚገነጠለውን የሰፈር መግቢያ?

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ባለጸጋ የእሑድ መጫወቻ ወሬ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚበዛው ካቴና ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የሚበዛው ካቴና ነው። ክርክሩን የሚያጠነክረውም ይኸው ነው። ካቴና ከቺንጋ ይልቅ ቶሎ ይላላል፣ ብዙ ጊዜ መታየት ይፈልጋል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። የታችኛው ካቴና እኩሌታው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ በትናንሽ ሞተሮች እንደ ሞዴሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚህ የጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። ከዚህ በጣም የላላ ከጥርሱ ይወጣል፤ በፍጥነት ላይ ወጥቶ ጎማው ውስጥ ከተጠላለፈ የኋላው ጎማ ቀጥ ይላል። ከኋላው ሚኒባስ የሚከተለው ሞተረኛ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ካቴና ላይ ማስመሪያ የማሳረፍ ልማድ ያልነበረበት ከተማ፣ «አይነካም» ተብሎ የተሸጠለትን ቺንጋ ይለካል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

መንግሥት ሞተር ሳይክልን የሚያይበት ዓይንም መታየት አለበት። በታከለ ኡማ ዘመን የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ የሰጠው ምክንያት ቅሚያና ዘረፋ ነበር። ያኔ ሞተር ማለት ወንጀል ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ በጎማ ስለሚሄድ ነገር ሁሉ የሚወራው በውጭ ምንዛሪና በነዳጅ ወጪ ነው። አሁን ሞተር ማለት የነዳጅ ቁጠባ ነው። ወንጀሉም ቁጠባውም እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው። በመሃል ግን ሞተር ሳይክል ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ብሎንና ካቴና ያለው፣ የሰው ነፍስ የተቀመጠበት ማሽን መሆኑ ከሁለቱም ሰነዶች ውስጥ ወድቋል።

ዓመታዊ ምርመራ አለ ይባላል። አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፣ ቦሎም አለ። ግን ሂሳቡ ይሠራ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የዕቃ አመላላሽ ሞተር 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ80 የሥራ ቀን ነው። የአሜሪካው ባለጸጋ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት የሚደርስበትን ልኬት የአዲስ አበባው ልጅ በሦስት ወር ገደማ ይደርስበታል። ካቴናው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ። ቦሎ በዓመት አንዴ ነው። ቀሪውን ጊዜ ማን ያየዋል?

የዚህ ጥያቄ የተለመደ መልስ «ነጂው ነዋ፤ ነፍሱ ከሆነች ይጠብቃት» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ሞተሩን አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብለው ሳያዩ ዓመት የሚነዱ ልጆች አሉ፤ ስልካቸውን በቀን አሥር ጊዜ የሚያብሱ፣ ካቴናቸውን በወር አንዴ የማይጠርጉ። ይህን ማድበስበስ አይገባም። ግማሹ ውሸት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ብዙው ነጂ የሞተሩ ባለቤት አይደለም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ሞተሩን ለግማሽ ቀን ጋራዥ ቢያቆመው ገቢው አይቀርለትም፤ ከራሱ ምሳ ይወጣል። መለዋወጫ መቀየር ካስፈለገ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለበት፣ ባለቤቱም «እስቲ ትንሽ ይሂድ» ይላል። ካቴናው ተበጥሶ ሲገኝ ግን «አንተ ነህ የነዳኸው» ይባላል። ሥልጣን የሌለው ሰው ላይ የተጫነ ኃላፊነት ነው። በላዩ ላይ ትእዛዝ የሚያደርስበት መተግበሪያ የሚቆጥረው ደቂቃ እንጂ ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በጠዋት ለሚጠፋ አሥር ደቂቃ የሚከፍል የለም።

ቁጥሩም ቢሆን የት ይገኛል? በብዙ ሞተሮች የኋላ ሹካ ወይም የካቴና መከለያ ላይ ስለ ካቴናው ልክ የምትናገር ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ትመጣለች። የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደሏ ጥቃቅን ነው፣ ጭቃ ሸፍኗታል፣ አንዳንዱም አዲስ ሞተር አምሮ እንዲታይለት ብሎ በገዛ ጥፍሩ ይልጣታል። መመሪያው መጽሐፍ ከሞተሩ ጋር ይመጣል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ሲሸጥ ግን አብሮ የሚሄደው ሊብሬው ብቻ ነው።

ይህን ማስተካከል ኮሚቴ አይጠይቅም። አስመጪው በእያንዳንዱ ሞተር ላይ አራት መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሚሸጥበት አካባቢ ቋንቋ ይለጥፍ፦ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚለካ፣ በስንት ኪሎ ጉልበት፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ዳዶው በስንት እንደሚጠብቅ። ይህን ያልለጠፈ ሞተር ሰሌዳ አይሰጠው። በቺንጋ የሚሄድ ሞተር የሚያስገባ ደግሞ ቺንጋውንም በቁጥር ያስገባ፤ በአንድ ቺንጋ ምክንያት ሦስት ወር የቆመ ሞተር ስንት ሊትር ቤንዚን እንዳዳነ የሚነግረን ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ተቋም በተግባር ፈተናው ላይ ማስመሪያ ይጨምር፤ በቆርኪ መካከል ስምንት ቁጥር መንዳት የሚችል ልጅ የሚነዳውን ካቴና መለካት አያቅተውም። ዕቃ አመላላሽ ድርጅቶችም የሞተሩ ባለቤትና ነጂው በሚፈራረሙት ውል ላይ አንዲት አንቀጽ ያስገቡ፦ ልኬቱ በየስንት ቀኑ እንደሚደረግ፣ ጊዜውን ማን እንደሚከፍል፣ ካቴና ወይም ቺንጋ ሲያልቅ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ።

«ይህ ወጪ ሞተሩን ያስወድደዋል» የሚል አስመጪ ይኖራል። አራት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ስንት እንደሚያወጣ ማተሚያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ሚዛኑ መርካቶ አለ፣ ማስመሪያው በየሱቁ አለ። እስከዚያው ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገዛ የገባ ሰው «ጥገና የለውም» ሲባል ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ይመልከት፤ ቺንጋ ወይም ካቴና ካየ «ስንት ሚሊ ሜትር?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ ስልኩን አንሥቶ ለአስመጪው ይደውል፤ ገዢው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።